ኬቲ ትሬይል

ኬቲ ትሬይል በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት ውስጥ የሚገኝ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ነው። ርዝመቱ ወደ 386 ኪሎ ሜትር (240 ማይል) ይደርሳል። በምሥራቅ፣ ከሴንት ሉዊስ ከተማ በስተሰሜን ከምትገኘው ማቸንስ ተነሥቶ የሚዙሪን ወንዝ ሰሜናዊ ዳር ይዞ ወደ ምዕራብ ይጓዛል፤ ቡንቪል ላይ ወንዙን ተሻግሮ በእርሻ አገር ውስጥ ያልፍና ክሊንተን ከተማ ላይ ያበቃል። ቦታው ቀድሞ የባቡር ሐዲድ የተዘረጋበት ነበር። ሐዲዳቸው ተነቅሎ ለሕዝብ መዝናኛ የዋሉ የባቡር መስመሮች በአሜሪካ ብዙ ናቸው፤ ሳይቋረጡ ከተሠሩት መካከል ግን ኬቲ ትሬይል ከረጅሞቹ አንዱ ነው።

መንገዱ የሚታወቀው በወንዙ፣ በኖራ ድንጋይ ገደሎቹና በትንንሽ ከተሞቹ ነው። ብዙ ጎብኚ የማያስተውለው ነገር በሕግ ዓይን ይህ መንገድ እስከ ዛሬ የባቡር መስመር መሆኑን ነው። ባቡር ማለፍ ካቆመ አሥርት ዓመታት ቢቆጠሩም መስመሩ በይፋ «ተትቷል» ተብሎ አያውቅም። መንገዱ ሊኖር የቻለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለዓመታት በፍርድ ቤት ያከራከረውም ይኸው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

የባቡሩ ዘመን

የሚዙሪ–ካንሳስ–ቴክሳስ የባቡር ኩባንያ በ1865 በሌላ ስም ተቋቁሞ በ1870 ይህን ስም ያዘ። ስሙ ረጅም ስለነበረ ሰዎች ከመነሻ ፊደላቱ ሁለቱን ወስደው «ኬ-ቲ» ይሉት ጀመር፤ ይህም ቆይቶ የሴት ስም የሚመስለውን «ኬቲ» የሚለውን ቅጽል አስገኘ። ኩባንያው በ1872 ከሰሜን በኩል ቴክሳስ የገባ የመጀመሪያው ባቡር ሆነ። በሚዙሪ ወንዝ ዳር ያለው መስመር ግን የተሠራው ዘግይቶ፣ በ1890ዎቹ ነው።

ሐዲዱ ወንዙን የተከተለው ለውበቱ ተብሎ አልነበረም። ከባድ ጭነት የሚጎትት ባቡር ዳገት አይሆንለትም፤ መሐንዲሶቹ የሚፈልጉት በመቶ ሜትር ጉዞ ከአንድ ወይም ከሁለት ሜትር በላይ ከፍ የማይል መንገድ ነው። በኮረብታማ አገር እንዲህ ያለ ለጥ ያለ መስመር የሚገኘው ወንዝ ራሱ በቀደደው ሸለቆ ነው። ገደሉ እስከ ውሃው በተጠጋበት ቦታ ድንጋዩን በድማሚት እያፈረሱ፣ ረባዳውን በአፈር እየደለደሉ አለፉ። ሮሽፖርት አጠገብ ማለፊያ ስላጡ በ1893 ገደሉን ሰርስረው 74 ሜትር የሚሆን ዋሻ አወጡ። ዛሬ ልጅም ሽማግሌም ብዙ ሳይደክመው ብስክሌት የሚነዳበት ምክንያት እንግዲህ የእንፋሎት ባቡር አቅም ማነስ ነው።

የከተሞቹ አቀማመጥም ከባቡሩ የመጣ ነው። የእንፋሎት ባቡር ቶሎ ቶሎ ውሃ መቅዳት ነበረበት፤ ገበሬውም እህሉንና ከብቱን በጋሪ አምጥቶ የሚጭንበት ጣቢያ በቅርብ ያስፈልገው ነበር። ስለዚህ ጣቢያዎች ተቀራርበው ተሠሩ፣ በየጣቢያውም መንደር በቀለ። አሁን ውሃ የሚቀዳውም ሆነ ጥላ ሥር የሚያርፈው ብስክሌተኛው ነው፤ ርቀቱ ለሱም ልክ ሆኖለታል።

የአሜሪካ የባቡር መረብ በ1916 ወደ 409 ሺህ ኪሎ ሜትር (254 ሺህ ማይል) ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ መኪናና አውራ ጎዳና ሥራውን እየወሰዱበት ሄዱ። በ1980 የወጣ የፌዴራል ሕግም ኩባንያዎች የማያዋጣቸውን መስመር በቀላሉ እንዲዘጉ ፈቀደ። የኬቲ መስመር መጨረሻ የመጣው ግን በጎርፍ ነው። በኦክቶበር 1986 የሚዙሪ ወንዝ ሞልቶ ሐዲዱን በበርካታ ቦታዎች ጠራረገው። ኩባንያው ለጥገና ገንዘብ ከማፍሰስ ይልቅ ባቡሮቹን በሌላ ኩባንያ ሐዲድ ላይ ማስኬድ መረጠ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ ራሱም በዩኒየን ፓሲፊክ ተጠቀለለ።

ሐዲድ የሌለው የባቡር መስመር

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የባቡር ኩባንያዎች መስመራቸው ከሚያልፍበት መሬት ብዙውን አልገዙትም። ከባለመሬቱ ያገኙት የመተላለፊያ መብት ብቻ ነበር፤ መሬቱ የገበሬው እንደሆነ ይቆያል፣ ባቡሩ ያልፍበታል። ባቡሩ ሲቀር መብቱም ይቀራል፣ መሬቱም ሙሉ በሙሉ ለባለቤቱ ወይም ለወራሾቹ ይመለሳል። በዚህ ደንብ መሠረት አንድ መስመር በተዘጋ ቁጥር ረጅሙና ቀጭኑ መሬት በመቶዎች በሚቆጠሩ ባለቤቶች መካከል ይበጣጠሳል። አንዱ አጥር ያጥርበታል፣ ሌላው ያርሰዋል፣ ሌላው ቤት ይሠራበታል። አንዴ ከተበጣጠሰ በኋላ መልሶ መግጠም ዘበት ነው።

የአሜሪካ ምክር ቤት በ1983 ይህን ለመከላከል የአገር አቀፍ የእግር መንገዶችን ሕግ አሻሻለ። በማሻሻያው መሠረት አንድ ኩባንያ መስመሩን መጠቀም ሲያቆም፣ ግዛት ወይም ሌላ አካል ቦታውን ለማስተዳደርና ኃላፊነቱን ለመውሰድ ከተስማማ፣ መስመሩ እንደተተወ አይቆጠርም። አንድ ቀን ባቡር ቢያስፈልግ በሚል በአደራ ይቀመጣል፤ እስከዚያው ሰው ይራመድበታል። አደራው የይስሙላ ብቻ አይደለም፤ ባቡሩ እንዲመለስ ቢወሰን የእግር መንገዱ ቦታውን የመልቀቅ ግዴታ አለበት።

የሚዙሪ ግዛት በዚህ ሕግ ተጠቅሞ መስመሩን በ1987 ተረከበ። ገንዘቡ በዋናነት የመጣው ኤድዋርድ ጆንስ የተባለውን የኢንቨስትመንት ድርጅት ለዓመታት ከመሩት ከቴድ ጆንስ ነው። ጆንስ ቀደም ሲል በዊስኮንሲን ግዛት ኤልሮይ–ስፓርታ በተባለው የቀድሞ የባቡር መስመር ላይ በብስክሌት ተጉዘው ነበር፤ ሐሳቡን ያገኙትም ከዚያ ነው። እሳቸውና ባለቤታቸው ፓት ቦታውን ለመረከቢያ 200 ሺህ ዶላር፣ ለሥራው ደግሞ 2 ሚሊዮን ዶላር ለገሱ። የመጀመሪያው ክፍል በኤፕሪል 1990 ሮሽፖርት ላይ ተከፈተ። ጆንስ በዚያው ዓመት አረፉ።

ሁሉም ሰው ግን ደስ አላለውም። በመስመሩ ዳር የሚኖሩ ገበሬዎች አያቶቻችን መሬቱን የፈቀዱት ለባቡር እንጂ ለሽርሽር አይደለም ብለው ተነሡ። ባቡር በቀን ጥቂት ጊዜ አልፎ ይሄዳል፤ መንገደኛ ግን ይቆማል፣ ይቀመጣል፣ ወደ ማሳው ይገባል። ከብቶችን ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ማሻገር፣ አጥር፣ ቆሻሻ፣ ሌብነት፣ ሁሉም ያሳስባቸው ነበር። ይህን ክርክር ተፈጥሮ ወዳዶች ከስስታም ገበሬዎች ጋር ያደረጉት ጠብ አድርጎ ማቅረብ የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም። የገበሬዎቹ ጥያቄ ቀላልና ከባድ ነበር፦ ለአንድ ጉዳይ የተሰጠ መብት ባለመሬቱ ሳይጠየቅ ለሌላ ጉዳይ ሊዞር ይችላል ወይ?

ፍርድ ቤቶች የሰጡት መልስ ሁለት ክፍል አለው። በ1989 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የሚዙሪዎቹን ገበሬዎች ክስ ውድቅ አደረገ። በ1990 ደግሞ ከቨርሞንት ግዛት በመጣ ተመሳሳይ ጉዳይ ላይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉ ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደማይጋጭ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ነገር ግን መሬት ተወስዶብኛል የሚል ሰው ከፌዴራል መንግሥት ካሳ የመጠየቅ መንገድ እንዳለውም በዚያው ውሳኔ ላይ አመለከተ። በዚህ በር የገቡት የኬቲ መስመር ባለመሬቶች በ2000 ረቱ፤ የካሳ ጉዳዮችን የሚያየው የፌዴራል ፍርድ ቤት በሚዙሪ ሕግ መሠረት መንግሥት መሬታቸውን እንደወሰደ ይቆጠራል አለ። ስለዚህ መንገዱ ለሕዝብ ጸና፣ ካሳው ለባለመሬቶቹ ሆነ፣ ከፋዩም የፌዴራል መንግሥት ሆነ።

ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ

በመንገዱ ዳር ያሉት የርቀት ምልክቶች አዲስ መጤውን ግራ ያጋባሉ። መነሻው ማቸንስ ሆኖ ሳለ ቁጥሩ የሚጀምረው ከ27 ማይል አካባቢ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ባቡሩ ርቀቱን የሚቆጥረው ከሴንት ሉዊስ ስለነበረ ግዛቱ የባቡሩን ቁጥር እንዳለ አቆየው።

የመጀመሪያዋ ትልቅ ከተማ ሴንት ቻርልስ ናት። በ1769 የተቆረቆረች ሲሆን ከ1821 እስከ 1826 የሚዙሪ የመጀመሪያዋ መዲና ነበረች። ሜሪዌዘር ሉዊስና ዊልያም ክላርክ የመሩት የጉዞ ቡድን በሜይ 21 ቀን 1804 ወደ ምዕራብ የተነሣው ከዚህ ነው። ብስክሌተኛው ከዚህ ቦታ ጀምሮ እስከ ቡንቪል ድረስ ቡድኑ በጀልባ ሽቅብ የቀዘፈበትን ወንዝ ዳር ይዞ ይሄዳል።

ከሴንት ቻርልስ አልፎ ገደሎቹ ብቅ ማለት ይጀምራሉ። ዲፋያንስ አጠገብ ታዋቂው የድንበር አገር አዳኝ ዳንኤል ቡን በ1820 የሞተበት የልጁ የድንጋይ ቤት አለ። ቡን የተቀበረው ወደ ምዕራብ ራቅ ብሎ በማርታስቪል አቅራቢያ ነበር፤ በ1845 ኬንታኪዎች አፅሙን አውጥተን ወስደናል ይላሉ፣ ሚዙሪዎች ደግሞ የወሰዳችሁት የሌላ ሰው ነው ብለው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። በመካከል ያለችው ኦገስታ የወይን አገር ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ ጀርመኖች በኮረብታዎቹ ላይ ወይን ተከሉ፤ ከ1920 እስከ 1933 የጸናው የመጠጥ ክልከላ ሥራውን አጠፋው፤ ቆይቶም እንደገና አንሰራራ። በጁን 1980 የአሜሪካ መንግሥት የወይን አምራች አካባቢዎችን በሕግ መሰየም ሲጀምር የመጀመሪያዋ ዝነኛዋ ናፓ ሳትሆን ኦገስታ ነበረች። ሌላዋ የጀርመኖች ከተማ ኸርማን ከወንዙ ማዶ ስለሆነች ድልድይ መሻገርን ትጠይቃለች።

ከዚህ በኋላ ከተሞቹ እያነሱ፣ ጸጥታው እየበዛ ይሄዳል። በአንድ ወገን ገደልና ጫካ፣ በሌላው ወገን በቆሎና አኩሪ አተር የተዘራበት ለም ሜዳ ይታያል። የሚገርመው ወንዙ ራሱ ብዙ ጊዜ ከዓይን ይሰወራል፤ ከሜዳው ማዶ በዛፎች ተጋርዶ ይፈሳል። ወንዝ ዳር ነው ሲባል ሁልጊዜ ውሃ አያለሁ ብሎ የሚመጣ ሰው በዚህ ክፍል ቅር ሊለው ይችላል። የግዛቱ መዲና ጄፈርሰን ሲቲም ከወንዙ ደቡብ ናት፤ በድልድዩ ላይ ለብስክሌት የተሠራ መተላለፊያ ወደ እሷ ያሻግራል።

ማክቤይን የተባለችው መንደር አጠገብ በሰፊ ማሳ መካከል ብቻውን የቆመ ግዙፍ የኦክ ዛፍ አለ። ዕድሜው ወደ 400 ዓመት ይገመታል። በ2020 መብረቅ መትቶት ግንዱ ውስጥ እሳት ቢነሣም ተርፏል። ከዚያ እስከ ሮሽፖርት ያለው ከ15 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ መንገድ ጊዜ ላጠረው ጎብኚ የመጀመሪያው ምርጫ ሊሆን ይገባዋል። ወንዙና ገደሉ ተቀራርበው መንገዱን በመካከላቸው ያሳልፉታል፤ ከዓለቱ ሥር ምንጭ ይፈልቃል፤ በክረምት ራሰ ነጭ ንስሮች በውሃው ላይ ሲያንዣብቡ ይታያሉ። ክላርክ በጁን 1804 በዚህ አካባቢ በገደሉ ላይ የእንስሳት ሥዕሎች ማየቱን በማስታወሻው ጽፏል። መጨረሻው ላይ የ1893ቱ ዋሻ ይመጣል።

ቡንቪል ላይ በ1932 የተሠራው የባቡር ድልድይ ከወንዙ በላይ ቆሞ ይታያል። መካከለኛው ክፍሉ ለመርከቦች መተላለፊያ ወደ ላይ የሚነሣ ነበር። መንገደኛው የሚሻገረው ግን አጠገቡ ባለው የመኪና ድልድይ ነው። ዩኒየን ፓሲፊክ አሮጌውን ድልድይ አፍርሶ ብረቱን ለመውሰድ አስቦ ነበር፤ የከተማው ነዋሪዎች ተቃወሙ፣ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደረሰ። ተቃውሞው ለቅርስ ከመቆርቆር ብቻ የመጣ አልነበረም። መስመሩ በአደራ የተቀመጠው ባቡር ሊመለስበት ይችላል ተብሎ ነው፤ ድልድዩ ከጠፋ ግን መስመሩ ወንዙ ላይ ተቆረጠ ማለት ነው፣ በአደራው ላይ የቆመው ሕጋዊ መሠረትም ይናጋል የሚል ስጋት ነበር። በ2010 ኩባንያው ድልድዩን ለከተማው ለመስጠት ተስማማ።

ከቡንቪል በኋላ መንገዱ ወንዙን ትቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይታጠፋል። ገደሉ ቀርቶ ወጣ ገባ ያለ ሣራማ አገር ይከተላል፤ ከሌላው ክፍል ጋር ሲነጻጸር ዳገቱም እዚህ ይሰማል። ሲዴሊያ ውስጥ በ1896 የተሠራው የኬቲ ባቡር ጣቢያ ታድሶ ለጎብኚዎች መረጃ መስጫ ሆኗል። ስኮት ጆፕሊን የራግታይም ሙዚቃን በመላው አገሪቱ ያሳወቀውን «ሜፕል ሊፍ ራግ» በ1899 ያሳተመው በዚህች ከተማ ነው። የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ ከባሕር ወለል በላይ 291 ሜትር ሲሆን በግሪን ሪጅና በዊንዘር መካከል ይገኛል። ከዚያ ክሊንተን ድረስ ሩቅ አይደለም።

ጎርፍ

ባቡሩን ያባረረው ወንዝ መንገዱንም አልማረውም። በ1993 የበጋ ወራት ሚዙሪና ሚሲሲፒ ወንዞች በአካባቢው ከታዩት ከባድ ጎርፎች አንዱን አስከተሉ፤ ያኔ ተሠርቶ ከነበረው የኬቲ ትሬይል ከግማሽ በላይ የሚሆነው ተጎዳ። ከተከፈተ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። በመንገዱ ዳር የምትገኘው ራይንላንድ የተባለች ትንሽ መንደር ከዚያ ጎርፍ በኋላ አብዛኞቹን ቤቶቿን ከሜዳው አንሥታ ወደ ኮረብታው አዛወረች። በ2019ም ወንዙ ሞልቶ የተወሰኑ ክፍሎች ተዘግተው ነበር። መንገዱ የተነጠፈው በተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ይህ ንጣፍ ውሃ በቀላሉ ያጥበዋል፣ ጥገናውም እንደ አስፋልት አይከብድም።

ለተጓዦች

መግቢያ አይከፈልበትም። መንገዱ ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ ክፍት ነው። ፈረስ የሚፈቀደው በተወሰኑ ክፍሎች ብቻ ሲሆን ከእነዚህ አንዱ ከሲዴሊያ እስከ ክሊንተን ያለው ነው። በብስክሌት ሙሉውን ለመጨረስ ብዙ ሰው ከአራት እስከ ስድስት ቀን ይወስድበታል፤ በየከተማው የእንግዳ ማረፊያዎች አሉ፣ ድንኳን ግን በተፈቀደ ቦታ ካልሆነ በመንገዱ ላይ አይተከልም። አሜትራክ የተባለው የመንገደኛ ባቡር በወንዙ ደቡብ በኩል ኸርማንን፣ ጄፈርሰን ሲቲንና ሲዴሊያን እየነካ ስለሚያልፍ ብስክሌቱን ባቡር ላይ ጭኖ ሄዶ እየነዱ መመለስ ይቻላል።

ጥሩው ወቅት ከኤፕሪል እስከ ጁን መጀመሪያና ከሴፕቴምበር እስከ ኦክቶበር ነው። በበጋ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል፣ እርጥበቱም ይጨምርበታል። መንገዱ ለጥ ያለ ስለሆነ ሰው ይዘናጋል፤ ነገር ግን በአንዳንድ ከተሞች መካከል ውሃም ሱቅም የለም። ቁልቁለት ስለሌለ ፔዳሉ እረፍት አይሰጥም፤ ቀኑን ሙሉ መርገጥ ያስፈልጋል። ለጎማ መጠገኛ የሚሆን ዕቃ መያዝ፣ ሣር ውስጥ ከገቡ በኋላም መዥገር እንዳልተጣበቀ ሰውነትን መፈተሽ ይመከራል።

በ2012 የወጣ የግዛቱ የፓርኮች መሥሪያ ቤት ጥናት መንገዱን በዓመት 400 ሺህ ያህል ሰው እንደሚጎበኘውና ለአካባቢው ወደ 18.5 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የኢኮኖሚ ጥቅም እንደሚያስገኝ ገምቷል። ቀድሞ የእህል መጋዘን ወይም የባቡር ሠራተኞች ሆቴል የነበሩ ቤቶች ቡና ቤት፣ የብስክሌት ኪራይና የእንግዳ ማረፊያ ሆነዋል።

የሮክ አይላንድ መስመር

በዲሴምበር 2016 ሌላው የቀድሞ የባቡር መስመር፣ ሮክ አይላንድ፣ ከዊንዘር ተነሥቶ በካንሳስ ሲቲ አቅራቢያ እስከምትገኘው ፕሌዛንት ሂል ድረስ ለእግረኛና ለብስክሌት ተከፈተ። ርዝመቱ ወደ 76 ኪሎ ሜትር ነው። ይኸው መስመር ከዊንዘር ወደ ምሥራቅም 232 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀጥላል፤ ግዛቱ ይህን ክፍል በዲሴምበር 2021 ተረከበ። ዓላማው ከኬቲ ጋር አጋጥሞ ሚዙሪን የሚያቋርጥ ትልቅ ዙር መሥራት ነው። በዳሩ ያሉ ከተሞች ጎብኚ ይመጣልናል ብለው ሲደግፉ፣ ማሳቸው ለሁለት የተከፈለባቸው ገበሬዎች ደግሞ በ1980ዎቹ የተነሣውን ጥያቄ እንደገና አንሥተዋል። ግዛቱ መንገዱን የሚሠራው ገንዘብ በተገኘ ቁጥር ቁራሽ በቁራሽ ነው።